በአራት የታጠፈ

ሰኔ በሺካርፑር ዝናብ አያውቅም፤ ጥላም ያልበዋል፤
ውሻው ከቧንቧው ሥር፣ ምላሱን ዘርግቶ፣ ጠብታ ይጠብቃል፤
የሆስፒታሉ በር እጀታው ያቃጥላል፤
ዘበኛው ባቻል በሻሹ ጫፍ ይዞ ይከፍታል።

እኔ ግን ከውስጥ፣ መስኮት ከሌለው ክፍል
በሹራብ ቆሜአለሁ።
በሰኔ፣ በሹራብ!
የሰው መሣቂያ መሆኔን ዐውቃለሁ።

ዶክተር ሶምሮ ማቀዝቀዣውን ዐሥራ ሰባት ላይ ያደርገዋል፤
ካባው ወፍራም ነው፣ መብራቱም ከአናቱ በላይ ይነድዳል፤
«ላቤ ቁስሉ ውስጥ ቢንጠባጠብስ?» ይላል።
እውነቱን ነው።
እኔም እውነቴን ነው፦
የተኛው ሰው ራቁቱን ነው።

የዛሬው ሱማር ይባላል።
ዕድሜውን ብጠይቀው «በጎርፉ ዓመት ነው ያገባሁት» አለኝ፤
የቱ ጎርፍ እንደሆነ አልነገረኝ።
ሠላሳ ዓመት ጡብ ተኩሷል፤
በምድጃው ጣሪያ ላይ፣ በእንጨት ጫማ እየተራመደ፣ በየቀዳዳው ከሰል ጨምሯል፤
ቅንድቡ ተለብልቦ ተመልሶ አልበቀለም።
እሳት የላሰ ሰው ነው፤ ይህን ለወግ አልልም።

አንጀቱ ተጠላልፎ በሌሊት አመጡት
በአህያ ጋሪ ላይ፣ እንደ ጡብ ጭነውት።
ጠረጴዛው ላይ ሲጋደም ቀትር ሆኗል፤
ብረቱ ጀርባውን ሲነካው
«እህቴ» አለኝ፣ «ይሄ ነገር… ብርድ ነው?»
ስሙን ብቻ የሰማው እንግዳ ድንገት ደጁ እንደቆመበት ሰው።

ከዚያ ማደንዘዣው ገባ።
ገላ ሲተኛ እንዲህ ነው፤ ደጁን ከፍቶ ይተኛል፤
እልፍኝ የከረመው ሙቀት ወደ እጅ፣ ወደ እግር ይፈስሳል፣
ከቆዳው አልፎ ይበናል።
ዘቡም አብሮ ተኝቷልና ጥርሱ አይንቀጫቀጭም፤
በረደኝ የሚል አንድ ጅማት የለም።

ሠላሳ ስድስት ከአምስት።
ሠላሳ ስድስት።
ሠላሳ አምስት ከስምንት።

ደም ሲበርደው መርጋት ይረሳል፤
ቁስል ሲበርደው መዳን ይረሳል።
የሙቅ አየሩ ማሽን ከሐሙስ ጀምሮ ሞቷል፤
መለዋወጫው ከካራቺ ይመጣል ተብሏል፤
ነገ፣ ተብሏል።
ሆዱ ለተከፈተ ሰው ነገ ምኑ ነው?

ባቻልን ያን ጊዜ ጠራሁት።
«ብርድ ልብሶቹን ሁሉ ወደ ጣሪያ አውጣቸው፣
በንጹሕ ከረጢት አድርገህ ቆርቆሮው ላይ ዘርጋቸው።»
«በዚህ ፀሐይ? ብርድ ልብስ?» ብሎ ትክ ብሎ ዐየኝ፤
ሙቀቱ አናቴ ላይ የወጣ መስሎት አዘነልኝ።

ሩብ ሰዓት።
ባቻል እያለከለከ ደረጃውን ወረደ።
አቅፎ ያመጣው ጨርቅ አልነበረም፤
ከተማው ሲረግመው የዋለ ፀሐይ ነበር፣ በአራት ታጥፎ።
በክንዴ ውስጠኛ ቆዳ ለካሁት፣ የሕፃን ወተት እንደሚለካ፤
አንዱ ያቃጥላል፣ መለስኩት።
ሁለተኛውን ደረቱ ላይ፣ ሦስተኛውን ትከሻው ላይ፣
ራሱንም በሻሽ።
እግሩን ስጠቀልል ተረከዙ እንደ ጡብ ተሰነጣጥቋል፤
በስንጥቁ ውስጥ ገና አመድ አለ።

ዶክተሩ ቀና አላለም፤
«ማቀዝቀዣውን ሃያ ሁለት አድርጉት» አለ ብቻ።
ግንባሩን ጠረግሁለት፤
ደግሜ ጠረግሁለት፣ እስከ ስፌቱ መጨረሻ።
ባቻል አራት ጊዜ ወጣ፣ አራት ጊዜ ወረደ።

ሱማር ሲነቃ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ፣
«ፈረቃዬ አለፈ ወይ? እሳቱን ማን ያዘው?»
«ተይዟል» አልኩት፣ «ተኛ።»
ሠላሳ ስድስት ከአራት።

ማታ ስወጣ ነፋሱ የምድጃ አፍ ነበር።
ፀሐይዋን ሁሉም ይረግማታል፤ ሻይ ሻጩ፣ ባለጋሪው፣
አህያውም ሳይቀር በጆሮው።
እኔ ዝም አልኩ።
ውለታ አለብኝ።
ባቻል ከበሩ ሥር፣ የተለበለበ ክንዱን በውኃ እያራሰ፣
«እህቴ» አለኝ፣
«ኧረ ሹራብሽን አውልቂ።»