ላታሞ እንደተረጎመው

አረብ ሰፈር ጥጉ ላይ፣ ከብስክሌት ኪራዩ ጎን፣
መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የታፈነ፣ ቀኑ ሌሊት እንዲሆን፣
የላታሞ ቪዲዮ ቤት።
ስሙኒ ነው መግቢያው፤ ስሙኒ ያጣ፣ አንድ ቆሮሶ ዓሣ፤
ማጫወቻው ካሴቱን ሲውጥ ጫጫታችን ሁሉ ተረሳ።

ላታሞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሸንበቆ ይዞ ይቆማል፤
እነሱ በእንግሊዝኛ አፍ ይከፍታሉ፣ እሱ በአማርኛ ይሞላል።

አሻንጉሊት ናቸው ብሎ የነገረን አልነበረም።
ቤቷ የጠፋባት ልጅ ጫካ ለጫካ ስትንከራተት፣
ባለፍየል ቀንዱ ሽማግሌ በአንድ እግሩ ሲያነክስ፣
ባለሸክላ ምንቃሯ ወፍ ጨረቃን ዳኛ ፊት ስትከስ፣
ሦስቱ ጭራቆች በአንዲት ማንኪያ ሲጣሉ፣ ሲማማሉ፣
የጣውላው ወንበር ይንቀጠቀጣል፣ ትንንሾቹ ያለቅሳሉ።

ከሁሉም ግን ሽበቶ።
ስሙን ያወጣለት ላታሞ ነው።
የቤት ቁመት ያህል ረዝሞ፣ ጀርባው ላይ ሳር የበቀለ፣
ሲስቅ ቅጠል የሚያረግፍ፣ ቁጣ በዓይኑ ያልዋለ።
«ከታቦር ተራራ ጓሮ ነው የመጣው» አለን፤ አመንን፤
ማታ ቤት የምንገባው ተራራውን በጎን ዓይን እየሰረቅን።

መብራቴ ከሀይቁ ያልተመለሰው ያን ክረምት ነው።
ታንኳው በሦስተኛው ቀን ከደንገሉ መሃል ተገኘ፤
እሱ ግን አልተገኘ።
እናቴ መረቡን እንደ ነጠላ አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተች፤
ለቀስተኛ ሲመጣ ወንበር ሰጠች እንጂ አላለቀሰች።
እኔ ስሙኒዬን ጨብጬ ላታሞ ዘንድ ሄድኩ።
ሌላ የት ይኬዳል?

ሽበቶ ውሃው ዳር ወደቀ። ጀርባው ላይ ሳሩ ጠወለገ።
ላታሞ ዝም አለ። ዝም ብሎ አያውቅም። ሸንበቆውን ዝቅ አደረገ፤
ሦስተኛው ረድፍ ላይ እኔን አየና ጉሮሮውን ጠረገ።
«አልሞተም» አለ። «ወርዶ ነው፣ ከውሃው ሥር።
እዚያ ሰዎች አሉት፤ ጨለማ ነው፤ ተረት እየነገራቸው ሊያድር።»

ትናንት ማታ፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ በልጄ ስልክ ላይ አገኘሁት፤
ከሀሴት ጋር አልጋው ላይ ተጋድመን ከመጀመሪያው ከፈትኩት።
«አባዬ፣ ክሩ ይታያል» አለች።
እውነቷን ነው፤ ይታያል።
ከሽበቶ ብብት ሥርም የሆነ ሰው ክርን ብቅ ይላል።
ሳሩ ስፖንጅ ነው። ጭራቆቹ የተጣሉት በማንኪያ ሳይሆን በግብር፤
ወፏም ማንንም አልከሰሰች፤ መንገድ እየጠየቀች ነበር።
ላታሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከ«የስ» እና ከ«ኖ» ወዲያ
አንድ ቃል አያውቅም ኖሯል።
ያን ሁሉ ወሬ ከየት አመጣው፣ ያለ መጽሐፍ፣ ያለ መማሪያ?

ውሃው ዳር ደረስን። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ሽበቶን ነካችው፤
«ሞቷል። እንሂድ፣ ሳይመሽ» — ይኸው ነው ያለችው።
ድምፁን ቀነስኩ።
«አልሞተም» አልኩ። «ወርዶ ነው፣ ከውሃው ሥር…»
«እንደዚያ አላለችም እኮ፣ አባዬ። እንግሊዝኛ እችላለሁ።»
«አውቃለሁ።»

ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድን።
አንድ አባ ኮዳ፣ ራሰ በራ፣ የዓሣ አንጀት ላይ ቆሞ፣
ካፖርት እንደደረበ ሽማግሌ ትከሻው አዘምሞ፣
አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ይቆማል፣
ሌላኛው እግሩ እስኪታዘዝለት።
ሀሴት አንገቷን አቅንታ፣ ከአናቱ በላይ ባዶውን አየር ታያለች።
«ምን ትፈልጊያለሽ?»
«ክሩን።»
እኔ ውሃውን እያየሁ ነበር።