አይጠፋ

«ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ሐረጎን ሽቅብ፣ በሰዓት ሠላሳ፤
ሰው አራግፎ ሲመለስ፣ በዚያው መንገድ ቁልቁል፣ በሰዓት ስድሳ፤
የሚኒባሱ የደርሶ መልስ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው?» ብዬ ጻፍሁና
ጠመኔውን ኪሴ ከተትሁ፣ እጄ አፍ አውጥቶ ይቀድመኛልና።

ሰባተኛ ቢ ናቸው፤ ስድሳ ሦስት ነፍስ፣ በየዴስኩ ሦስት፣
አንዱ ባስነጠሰ የሁለቱ ብዕር መስመር የሚስት።
እጅ በእጅ ላይ ወጣ። «አርባ አምስት!» አለ ክፍሉ፤
ዘጠናን ለሁለት፣ ማን ያቅተዋል፣ በየጥጉ ሁሉ።

እኔን ያስተማሩኝ መምህር፣ ነፍስ ይማር፣ ፈጣን ነበር እጃቸው፤
ስህተቱን በዳስተር፣ የሳተውን በአርጩሜ ነበር ማጥፊያቸው።
መዳፌ ዛሬም «ሰባት ጊዜ ስምንት» ሲባል ታሳክካለች፣
ሃምሳ ስድስትን ከአእምሮዬ ቀድማ ታውቃለች።

ስለዚህ ጠመኔዬን አውጥቼ
አርባ አምስትን በሰሌዳው ማዕዘን ጻፍኋት፣ አጉልቼ፤
ከሥሯም «አይጠፋ»።
ልክ ነውም አላልሁ፤ አይደለምም አላልሁ፤ ቆምሁ።
ለመምህር ዝምታ ከባድ ነው፤ ደመወዙ የአፉ ይመስለዋል፣
በልቡ አሥር ሲቆጥር ክረምት ያለፈ ያህል ይረዝምበታል።
ከመስኮቱ ማዶ ቦርከና ይጎተታል፤ አንድ ሲኖትራክ ይጮኻል።

«መምህር...» አለች ሙሐባ፤ አባቷ በዚያው መስመር ሾፌር ነው፤
«ሲወጣ እኮ ይቆያል፤ ሲወርድ ግን ምንም አይፈጅበት፣ ወዲያው ነው።»
«ለኔ አይደለም፣ ለጌትዬ ንገሪው» አልኳት። ጌትዬ ክርክር ይወዳል፦
«ርቀቱ የለም! ርቀት ሳይሰጠው ሰው ምኑን ይሠራል?»
«ካልተሰጠህ ስጠው።»
«እኔ?»
«አንተ።»
«ስንት?»
«የሚመችህን።»
እንደ ሌባ ዙሪያውን ቃኝቶ ጻፋት፣ ሠላሳን፣ በደብተሩ ጥግ፣ አሳንሶ።

ለመውጣት ሰዓት ሙሉ። ለመውረድ ግማሽ።
ስድሳ ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ተኩል።
«አርባ?» አለ፣ ለራሱ።
«አርባ አምስት የት ገባች?» አለ አንዱ፣ ገንዘብ እንደጠፋበት ሰው፤
ሌሎቹ አላመኑም፤ ስድሳን ሞከሩ፣ መቶ ሃያን ሞከሩ፤ ያው አርባ ነው።

በመስኮት ብቅ ያሉት ርዕሰ መምህር፣ አቶ አልማው፣ ጫጫታውን ሰምተው፦
«እዚህ መምህር የለም እንዴ?» አሉ፣ እኔን ከኋላ ዴስክ፣ በልጆች መካከል አጥተው።

ሙሄ ግን፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው፣
የጠርሙስ ቆርኪ ከኪሱ እየመዘዘ ዴስኩ ላይ ደረደረው።
«አንዷ ቆርኪ አሥር ደቂቃ» አለ። ስድስት ለዳገቱ፤
ሦስት ለቁልቁለቱ።
ደግሞ ቀና ሳይል፦ «ብዙ ጊዜውን የሚኖረው ዳገቱ ላይ ነው፤
ለዚያ ነው አማካዩ ወደ ዳገት ያዘነበለው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀመሩን አስተምሬያለሁ፤ ከላይ ብዜት፣ ከታች ድምር፤
ይህን ግን አላውቅም ነበር።

ማታ ወደ ደሴ ስወጣ፣ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ፣
ሚኒባሱ በሁለተኛ ማርሽ ያቃስታል፣ ከመንገዱ ጋር ተላምዶ።
«ዛሬስ አልደርስ አለን!» ብለው አንዲት ሴትዮ አጉረመረሙ፤
እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ፦ አራተኛዋ ቆርኪ፤ አምስተኛዋ...
የጦሳ መብራቶች አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይሰወራሉ።

ጠዋት ስገባ የከሰዓት ፈረቃ ሰሌዳውን ጠርጓል።
ጥያቄዬንና አርባ አምስትን ግን እንዳሉ ትቷል፤
ከ«አይጠፋ» ሥር፣ የማላውቀው እጅ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«ምኑ ላይ ነው የሳተው?» ይላል።

ጠመኔዬን አወጣሁ።
መልሼ ኪሴ ከተትሁ።