አፍ ዘግቶ መዋኘት

እንደ ሁልጊዜው ግሌኒስ ቀደመች።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ያመላለሰች፣
የሰው ደጅ እንደምትመታ
ውሃውን በእግሯ ጣት አንኳኩታ፣
"አፍ ይዘጋ!" አለችና ገባች።

ጥር ነው። የአርል ወንዝ ጉሙን ተከናንቧል፤
ከዌልስ ኮረብታ የወረደ ብርድ አጥንት ይሰረስራል።
አምስት ነን። ስድስት ነበርን፤ ኢድዋል ቀርቷል።
አንዲት ጉንጭ ውሃ ነች ዘጠኝ ቀን ያስተኛችው፤
የቧንቧ ሠራተኛ ነውና
ምን እንደዋጠ እሱ ነው የሚያውቀው።

"ሙቅ ገንዳ እያለ?" ይሉናል።
ገንዳ የት ያደርሳል? ቢበዛ እስከ ግድግዳ።
እዚህ በጀርባዬ ተንሳፍፌ
ሽመላ ሆዷን አሳይታኝ ታልፋለች፤
የጡረታዬን ቁጥር እረሳለሁ፣ የጉልበቴን ዕዳ።

ከድልድዩ በላይ፣ አኻያው ባጎነበሰበት፣
አንድ ቧንቧ አለ፣ የብረት ከንፈሩ የዛገበት፤
ሌሊት ሌሊት ያስመልሰዋል።
የከተማው ጓዳ፣ የሽንት ቤቱ ገበና
በእኛ መዋኛ ያልፋል።
ጠዋት ከቅርንጫፉ ነጭ ነገር ተንጠልጥሎ አይታ፣
የሞርቪዝ የልጅ ልጅ "አበበ!" አለች ተደስታ።
ሶፍት ነበር።
ማናችንም አላረምናትም።

ለውሃ ድርጅቱ ጻፍን። በሦስተኛው ወር መልስ መጣ፤
ያማረ ወረቀት፣ ከአናቱ ሰማያዊ ጠብታ።
"የሚለቀቀው ከመጠን ያለፈ ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው፤
ስለ ተቆርቋሪነትዎ እናመሰግናለን" የሚል ነው።
ግሌኒስ ደብዳቤ ታውቃለች፤
አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፤
"ይኼም ከዚያው ቧንቧ ነው የወጣው" አለች።

ሳቅን። ሞርቪዝ ብቻ ዝም።
እሷ ዝም ካለች እያሰላች ነው።
ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
ጓሮዋ በቆመች የመስታወት ብልቃጥ
የጣለውን ዝናብ በየማለዳው ትለካለች፤
በተማሪ ደብተር፣ በእርሳስ ትጽፋለች፤
ለማንም ብላ አይደለም።
"ማክሰኞ፦ ሁለት ሚሊ ሜትር።
ረቡዕ፦ ደረቅ። የባቄላው አበባ ረገፈ።"

ኢድዋል ደግሞ ከአልጋው፣ በመስኮቱ፣
ቧንቧው ያገሳበትን ሌሊት ቆጥሮ ነበር፤ አርባ አንድ።
ደብተሩን ከቁጥሩ ጎን አስቀመጥን፤
ሃያ ስድስቱ ደረቅ።

በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ሐሙስ ማታ፣
ከረባት ያሰረው ሰው ስለ ደመና አውርቶ ሳይጨርስ፣
ሞርቪዝ ተነሣች፣ መነጽሯን አጥልቃ።
ውሃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ ይባላል፤
ይኼኛውን ያናገረው ግን
የእርሳስ ጽሑፍ ነው፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ።
አልጮኸችም። አነበበች፦

ደረቅ።
ደረቅ።
ደረቅ፤ የልጄ ልደት፣ ኬኩን ውጭ በላን።
ደረቅ።

"ደረቅ ሴት ናት" ብሎ አንዱ ከኋላ አሾከሾከ።
ከእሷ የደረቀ ቢኖር
የዚያ ሁሉ ሌሊት ሰማይ ነው።
ከረባታሙ ብርጭቆ ውሃውን አነሣ፤
አየው፤ መልሶ አስቀመጠው።

ድል አልለውም። ቧንቧው ዛሬም አለ።
ቆጣሪ ሰክተውበታል፤ ሲለቁ ቀይ መብራት ይበራል ተባለ።
ትናንት ማታ በርቶ አየሁት፤ ደሜ ፈላ።
ሞርቪዝ ጋ ደወልኩ፤ ዐሥራ አራት ሚሊ ሜትር አለችኝ።
እውነትም ዘንቦ ነበር።
እውነትም ይሸት ነበር።

ኢድዋል ተመልሷል። ዳር ተቀምጦ ሻይ ይቀዳልናል፤
እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነክሯል፣ ለጊዜው በቃው።
እኛ እንገባለን፣
ከንፈራችንን እንደ ፖስታ አሽገን፤
ውሃው ውስጥ አፍ ዘግተን፤
ዳር ስንወጣ ግን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ፣
ከፍተን።