«ሀ» እና «ለ»

የክፍላችን መስኮት ወደ ጦሳ ያያል፤
ጉሙ ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀመጣል።
የሚስዮን ኮሌጅ ነው፤ ጠዋት ፍልስፍና፣
ከምሳ በኋላ ውል፣ ማታ ማታ ምስጋና።
እሑድ ጸሎት ቤት ነው፣ ሰኞ የሕግ ክፍል፤
መስቀልና ጠመኔ አንድ ግንብ ሲካፈል።
መምህር ጥላዬ ኮቱን ሳያወልቅ
«ሕግ ምንድን ነው?» ብሎ ዝም ይላል፣ ሊያስጨንቅ።

አንዱ «ትእዛዝ» አለ፣ ሌላው «ስምምነት»፣
ከኋላ አንድ ድምፅ «የጉልበተኛ ርስት»።
ሰኢዳ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍታ
«ወደ ውኃ መንገድ» አለች ተረጋግታ።
(ቃዲ ነበሩ አሉ አያቷ በሐርቡ፤)
ሲስቁ የነበሩት ዝም አሉ፣ አሰቡ።

እኔም ዝም አልኩኝ፤ እኔ የማውቀው ሕግ
ጥላ ዘርግቶ ነው ከፍርድ ቤት አጥር ጥግ፤
አባቴ አበጋዝ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣
በገጽ ሠላሳ ብር የሰው ብሶት ሰፊ።
«ር» የማትመታለት የጽሕፈት መኪና፣
«ፍርድ» ብሎ ሲጽፍ ትጎድልበትና
በእስክሪብቶ ሊሞላት ያጎነብሳል ደጋግሞ፤
ስንት ፍርድ አለፈ በእጁ ታክሞ!

እትዬ ሽታዬ ከኩታበር መጥታ፣
ሰነዷን በፌስታል፣ ፌስታሏን በኩታ፣
የባሏ አርባ ሳይወጣ ወንድሙ ያረሰባት
ሰባተኛ ዓመቷ፤ አንዲት ጥማድ ናት።
አባቴ ይተይባል፣ እሷ ትናገራለች፤
ነገሩን ከዝናቡ፣ ከበሬው ስም ትጀምራለች።
«አጭር አርጊው» ይላታል።
«በደሌ ነው የረዘመው» ትላለች።

ረቡዕ በጸሎት ሰዓት፣ አንዲት መበለት
ከዳኛ ደጅ ቆማ ስትመላለስበት
በመጨረሻ ታክቶት እንደ ፈረደላት ሰማን።
ከመዝሙሩ በኋላ ጠየቅኩ መምህሩን፦
«ታክቶ የፈረዱት፣ ፍርድ ይባላል ወይ?»
«እሱን ይግባኝ በዪው» አለኝ፣ አየና ወደ ላይ።

ሰኔ ላይ ፈተና። ጥያቄ አራት፦
«ሀ» የሟች ወንድሙን መሬት ገፍቶ ቢያርሳት፣
«ለ» የሟች ሚስት ሆና ዳኝነት ብትጠይቅ፣
አንቀጽ ጠቅሰህ ወስን፤ እንዳይንዛዛ ተጠንቀቅ።
ሳቄም መጣ፣ እንባዬም። ኩታ የላት «ለ»፣
በሬዋ ስም የለው፣ ዝናቡም የለ።
በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፈረድኩላት አምሮ፤
ሃያ ከሃያ ሆነ።
ለሽታዬ፣ ለኅዳር፣ ሌላ ቀጠሮ።

ያን ዕለት ፒያሳ ላይ ባጃጅ ነጂና ወዛደር
በተሰበረ መስታወት ተናንቀው ነበር፤
አንዲት ቲማቲም ሻጭ ጮኸች፦ «በሕግ አምላክ!»
ቡጢው አየር ላይ ቀረ፣ እንደ ሥዕል መልክ።
ፖሊስ የለ፣ ማኅተም፣ አንቀጽ አልጠቀሰች፤
ሚዛኗን አንሥታ ኪሎዋን ጨረሰች።
ሰኢዳ ክንዴን ይዛ፦ «የማን አምላክ ነው እሱ?
የናንተ ነው የኛ?»
መልስ ሳልሰጣት፣ ሰዎቹ
ስባሪውን ለቅመው ወደ ሥራ ተመለሱ።

ክረምት ነው። ጥላው ሥር ከአባቴ ጎን ነኝ።
«ተማርሽ?» አለች ሽታዬ፣ «ምን አሉሽ? ንገሪኝ።»
ሃያ ከሃያዬን ልነግራት አፈርኩኝ።

ለኅዳር የሚቀርበው ወረቀት ወጥቷል፤
በ«ፍ»ና በ«ድ» መሀል ነጭ ሜዳ ይታያል፤
የአባቴ ዐይን ደክሟል።
እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ር»ን አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ፤
ከሥሩ አውራ ጣቷን አሳረፈች ሽታዬ።
ቀለሙ ተረፋት፤ መጥረጊያ ብትፈልግ
ደብተሬን ዘረጋሁ፣
«ሕግ ማለት» ብዬ በተውኩት ጥግ።