ያልጨሰ ምድጃ

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፥ አዳማ መሐል ቤት፣
ፈረንጅ የሠራው፥ ባለ ድንጋይ አጥር ቤት፣
ከሳሎኑ ግድግዳ ምድጃ ተገንብቶ
ስድሳ ዓመት ኖሯል ባዶ አፉን ከፍቶ።

ጋሽ በዳዳ ጠሩኝ፥ የባቡር ጡረተኛ፣
በሚያዝያ ሐሩር ካፖርት ለባሽ ብርደኛ፤
«ከዚህ ውስጥ ክተትልኝ የብረት ምድጃ።»
«ለአዳማ ሰው እሳት?» አልኩ። ሳቁና፥ «እኔ እንጃ!

ብርዱ ከውጭ አይደል፥ ካጥንቴ ነው ልጄ፤
ግንቦት እኩለ ቀን ይደነዝዛል እጄ።»

ሜትር ዘረጋሁኝ፤ ወርዱ መቶ አሥር፣
ከፍታው ሰማንያ፥ ወደ ውስጥ ግን አጭር፤
በርሜል ቆርጬ አመጣሁ፥ እግር በየድኩለት፣
በሩ ወፍራም ላሜራ፥ መሐሉ መስታወት።
ሙኒር ጭቃ አቦካ፥ ጭድ ከአሸዋ ለውሶ፣
በጎን የተረፈውን ክፍተት ሊደፍን ጨርሶ።

ቱቦው ብቻ ቀረ።
«አናቱ ክፍት ነው?» «ምን ጥርጥር!» አሉኝ፤
«ልጅ ሆኜ እዚሁ ቤት ሙሴ ቀጥረውኝ
ጠረግኩት አራት ዓመት፥ በመጥረጊያ፥ በጨርቅ፤
አመድ አይቼ አላውቅ፥ ድንጋዩ ነው የሚብረቀረቅ።
ቀና ብሎ ማየት ግን... አልደፈርኩም፤
የጌታ ቤት ጉሮሮ በልጅ አይታይም።»

ባትሪ አብርቼ ገባሁ፥ አስቀድሜ አንገቴን፤
ክንድ እንኳ ሳልወጣ ድንጋይ መታው ግንባሬን።
ድፍን።
የወፍ ጎጆ የለ፥ ጥላሸት የለበት፣
አንድም ቀን ያልተነፈሰ የጥቁር ድንጋይ ደረት።
ለካ ሙሴ ኖሮ፥ በረዶ ያማረው፣
ለዓይኑ ነው እንጂ ለጭስ ያልሠራው።

ወጥቼ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው
ሳቁ፤ ሳሉ፤ ደግሞ ሳቁ፥ ወንበሩን ይዘው።
«አራት ዓመት» አሉ፤ «አራት ዓመት ሙሉ
የሌለ አመድ ስጠርግ...» ተቆረጠ ቃሉ።

በመዶሻና መሮ ሁለት ቀን ቀጠቀጥን፣
ቆርቆሮውን ቀደን ቱቦውን አወጣን፣
ዝናብ እንዳይገባው ባርኔጣ ደፋንለት፣
ግራር ፈልጠን አምጥተን ክብሪት ጫርንበት።

ጭሱ ሲወጣ ጊዜ ሰፈር ተሯሯጠ፣
«ቃጠሎ!» እያለ ባልዲ ጨበጠ።
እኔና ሙኒርን ላብ ሲያጠምቀን፥ እሳቸው ካፖርቱን
አንዲት ቁልፍ ብቻ ከአንገት ፈቱልን።

በማግስቱ ሄድኩኝ፥ ቀሪ ሂሳብ አለኝ፤
በሩ ገርበብ ብሏል፥ ማንም አላየኝ።
ጋሽ በዳዳ ወለል ላይ፥ በጉልበታቸው፣
ካፖርቱ ወንበር ላይ፥ መጥረጊያ በእጃቸው፤
አመድ ይጠርጋሉ፥ ትንፋሻቸውን ውጠው፣
እንዳይበንባቸው፥ ቀስ ብለው፥ ቀስ ብለው።

ትንሽ ነበር አመዱ፤ አንድ ጣሳ አይሞላም።
ስለ ቀሪው ሂሳብ ያን ቀን አላነሳሁም።