አስራ አራት ቁጥር

ትራይቼ ጋዜጣ አይገልጥም፤ ለደረጃ ሰንጠረዥም ደንታ የለው፤
ብረት ማቅለጫው ካሰናበተው ወዲህ ማሊያችንን የሚያጥበው እርሱ ነው፤
የውድድሩን ዘመንም ከእድፍ ነው የሚያነበው።

ጥቅምት የሳር አረንጓዴ ነው፣ ክርንና ትከሻ ላይ፤
ሁለቴ ስናሸንፍ ወለንጎንግ አንጋጠጠ፣ ዋንጫ ያለ መስሎት ሰማይ ላይ።
ታኅሣሥ ጨው ነው፤ ገናን በሐሩር በሚያከብሩበት አገር
ዳኛው ፊሽካ የሚነፋው ውሃ ለማጠጣት ነበር።
ከፐርዝ አራት ሰዓት በረው የተመለሱት ማሊያዎች
ጀርባቸው ላይ ነጭ ካርታ፣ ስም የሌላቸው ደሴቶች።
የካቲት ጥቂት ደም፤ የተከላካዩ አፍንጫ።
መጋቢት ምንም። ስድስት ሽንፈት፣ ላብ እንኳ የሌለው ሩጫ።
(ይህን ለአሰልጣኙ አልነገረም። ማን ጠይቆት?)

አንዱ ብቻ፣ አስራ አራት ቁጥር፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ንጹሕ ነው፤
የላክላን ነው፣ ገና በልምምድ ጅማቱ የተበጠሰው።
ትራይቼ ግን ያጥበዋል፤ ከሌሎቹ ጋር ይሰቅለዋል፤
“ካልነኩት ጨርቅም እንደ ሰው ይከፋዋል” ይላል።

ሚያዝያ ማብቂያ። ከገደሉ ዝናብ ወረደ። ዘጠነኛ ነን፤
በዚህ ሊግ ወራጅ የለም፤ መውረድ እንኳ አልቻልን።
ሰማንያ ስድስተኛው ደቂቃ። ቦርዱ ተነሣ፦ አስራ አራት።
ላክላን ኳስ የነካው ሦስቴ፤ አንዱን በስሕተት።
ተንሸራተተ፤ ጭቃው ከአንገቱ እስከ ወገቡ።
ተሸነፍን። ሜዳውን የባሕር ወፎች ተረከቡ።

ሌሊት ማሽኖቹ ሲዞሩ አንዱ ማሊያ ሚስማር ላይ ቀረ፣ ጭቃው እንዳለ፤
ትራይቼ ፖሙን እየገመጠ “ሰኞ አጥበዋለሁ” አለ።

ሰኞ ልምምድ የለም።
ማክሰኞም። እሱም ያውቀዋል።