የሰማንያ ሁለቱ ሕግ

ኮምቦልቻ፣ ከክር ፋብሪካው ጓሮ፣ ሚዛን ቤት ነው ሥራዬ፤
ቆርቆሮው በቀትር ይንጣጣል፣ የጥጥ ብናኝ ነው ጓደኛዬ።
ጥጡ ሲገባ የሚመዝን፣ ክሩ ሲወጣም የሚመዝን፣
አንድ አሮጌ ፕሮግራም አለ፣ ግራም ዋሽቶ የማያሳዝን።
በሲ ቋንቋ ነው የተጻፈ። አናቱ ላይ አንዲት መስመር፦
«በ82ቱ ሕግ ተጻፈ። ሙሄ ይመር።»

ሰባት ዓመት ፈለግሁት፣ ይህን ሰማንያ ሁለት።
ሰማንያ ዘጠኝ አለ፤ እሱኑ ዘጠናም ይሉታል፣ አንድ ሕግ ስሙ ሁለት፤
ዘጠና ዘጠኝ አለ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሰባት፣
ሃያ ሦስትም አለ። 82 ግን የትም ገጽ የለበት።

የየአንዳንዱ መቅድም እንደ አዋጅ ነው ቃሉ፦
«ይህ እትም የፊተኛውን ሽሮ ተክቷል በሙሉ።»
ነጋሪት አይጎሰምም፣ የሚጋዝ ሰው የለ፤
ትናንት ያለፈ መስመር፣ ዛሬ «አይታለፍም» ተባለ።
በሙሄ ጊዜ፣ ዓይነቱ ያልተነገረ ስም
ሙሉ ቁጥር ነው፤ ዝም ያለን ማንም አይጨቀጭቅም።
ዘጠና ዘጠኝ መጣና «ዝምታ መልስ አይደለም» አለ።
አሥራ አንድ ደግሞ፣
ልኩን የማታውቅ አንዲት አንባቢ ቃል ነበረች፣
እሷን ከመዝገብ ነቀለ።

ሚያዝያ ላይ አዲስ ማሽን ገባ፣ ከነአዲሱ ኮምፓይለር፤
መቶ አሥራ አራት ስህተት ለቀመ፣ ከሙሄ ጽሑፍ፣ መስመር በመስመር።
ሚዛኑ ቆመ። የጥጥ መኪና እስከ አስፋልቱ ተሰለፈ።
ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ፣ ጆሮዬ በየጠመዝማዛው እየተደፈነ።

ሙሄን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አገኘሁት፣ ከልጁ ከጦይባ ፎቶ ኮፒ ቤት፣
የሰው መታወቂያ ፊትና ጀርባ ሲያባዛ በአንድ ወረቀት።
«አብሽሪ» አለና ሳቀ። «ሰማንያ ዘጠኝ ያልሽው የነሱ ነው፤
ታኅሣሥ ላይ ሲጸድቅ፣ እዚህ ዓመቱ ሰማንያ ሁለት ነው።
ደሞዜን በኛ ወር እየበላሁ፣ ሕጉን በሰው ቀን ልጥራው?»

ስለ አዲሱ ነገርኩት። ገና ሳይወለድ ሃያ ምንትስ ነበር ስሙ፤
ሃያ ሦስት ብለው ቆረጡ፤ በሃያ አራት ደረሰ፣ ስሙን ሳያርሙ።
ከመሳቢያ የድሮ ዲስክ አወጣ፣ የገዛ ፋይሎቹን አነበበልኝ፦
ሚዛን የመጨረሻ፣
ሚዛን የመጨረሻ ሁለት፣
ሚዛን የእውነት የመጨረሻ።
«እነሱ ይሻሉኛል» አለ፣ «አያውቁም እንዲህ ያለ መዋሻ።
ዓመት ብቻ ነው የሚጽፉ። ዓመት ማለፉ አያሳፍርም።»

ወረድኩ። ኮምፓይለሩን «በሰማንያ ዘጠኝ አንብበው» አልኩት፤
መቶ አሥራ አራቱም ጸጥ አሉ። የተሻረው ሕግ ጓዳ ነበር፣ ጠራሁት።
መኪኖቹ ገቡ። ማታ ማታ ግን፣ ሦስት ሳምንት፣
ዝም ያለውን ሁሉ አናገርኩ፣ ስም በስም፣ ዓይነት በዓይነት።
ከሙሄም መስመር ሥር ጻፍኩ፦
«በ17ቱ ሕግ ታደሰ። መዲና አራጋው።»

ሃያ ሦስት የወጣው፣ በኛ አሥራ ሰባት፣ በወርኃ ጥቅምት ነው።
ፈረንጆቹ አሥራ ሰባት የሚሉት ሌላ ሕግ እንዳላቸው አውቃለሁ፤
ከኔ በኋላ የሚመጣው ያንን ይዞ ሲደናበር ይታየኛል፣ ከአሁኑ አየዋለሁ።
ላርመው ጣቴን ሰደድኩ።
ተውኩት።
ይፈልገኝ። ያኔ እኔም ደሴ እገኝ ይሆናል፤
ሐረጎን ይውጣ፣ ጆሮው ይደፈን፤
ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ይነሣል።